የክበብ አባልነት ስም ማስመዝገብ ብቻ አይደለም

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ሕዝባችን ችግሩን በተናጠል ሳይሆን በኅብረት ሲጋፈጥ የኖረ ሕዝብ ነው። ደቦው፣ ወንፈሉ፣ ዕቁቡና ዕድሩ የዚሁ እውነታ ሕያው ምስክሮች ናቸው። ዛሬ በየሠፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ የሚቋቋሙት የበጎ አገልግሎት ክበቦችም የዚሁ ነባር ልማድ ቀጣይ ምዕራፍ ናቸው። ዐቢዩ ጥያቄ ግን የክበቡ መኖር አለመኖር ሳይሆን፣ አባሉ ለምን ገባ? ገብቶስ ምን ይሠራል? የሚለው ነው።

ዕድርን እንመልከት። ከየገጠሩ ወደ ከተማ የፈለሰው ሕዝብ፣ ዘመድ አዝማድ በሌለበት ሥፍራ ሐዘኑን የሚጋራው ወገን ያገኘበት ማኅበር ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ሞትን ተከትሎ ነው። ጧሪ ያጡ አንዲት እናት ሲያርፉ ድንኳን ይተከላል፤ ለቀስተኛው ደጁን ይሞላዋል። በሕይወት ሳሉ ግን የሚያፈሰውን ጣሪያቸውን የሚጠግን አንድ ሰው አልተገኘም። ይህ ቅራኔ የሕዝቡ ክፋት ውጤት ሳይሆን የአደረጃጀት ጉድለት ነው። ሊፈታ እንደሚችልም በተግባር ታይቷል። ኤድስ ብዙ ቤት ባፈረሰበት በ1990ዎቹ ዓመታት፣ በርካታ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን ወደ መንከባከብና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ወደ መደገፍ ተሸጋግረዋል።

ይህ ሽግግር ዛሬ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ከ1990ዎቹ ማገባደጃ ጀምሮ በአዲስ አበባ በተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከተለያየ ሠፈር የመጡ ቤተሰቦች ጎን ለጎን ይኖራሉ። በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ስም ለስም የማይተዋወቁ ጎረቤቶች ጥቂት አይደሉም። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ቢታመሙ ማን ያውቅላቸዋል? የሠፈር ክበብ የሚመልሰው ይህን ጥያቄ ነው።

ሆኖም የዘመቻ አሠራር የክበቦች ዋነኛ ደዌ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። በመጀመሪያው ስብሰባ አዳራሽ ይሞላል፤ ከናቴራ ይታደላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። በሐምሌ የተተከለው ችግኝ ግን በጥር ውሃ የሚያጠጣው አያገኝም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር የደረሰው፣ በአንድ ክረምት ሳይወሰን በየዙሩ ለዓመታት በመቀጠሉ ነበር። በሌላ በኩል፣ የዚያ ዘመን ተሳትፎ ብዙ ጊዜ ከግዴታ ጋር የተቆራኘ እንደ ነበር አይዘነጋም። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው፤ አገልግሎት ያለ ቀጣይነት ፍሬ አያፈራም፤ ያለ ፈቃድም ሥር አይሰድም።

ስለዚህ ወደ ክበብ የሚገባ ነዋሪና ሠራተኛ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። የክበቡ ተግባር በግልጽ ተወስኗል ወይ? ገንዘቡን የሚቈጣጠር ኦዲተር አለ ወይ? ሪፖርት ለአባላት ይቀርባል ወይ? ስሕተት ሲፈጸም ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል ወይ? ይህን ከጠየቀ በኋላ ደግሞ ራሱን ይጠይቅ፤ እኔስ ምን ይዤ ገባሁ?

ሁሉም የሚያዋጣው አለው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አደገኛ ሽቦ ይጠግናል፤ ግንበኛው የተሰነጠቀ ግድግዳ ይደፍናል፤ ነርሷ የደም ግፊት ትለካለች፤ ተማሪው ለታናናሾቹ ያስጠናል። ሙያ የሌለው ቢኖር እንኳ የብቸኛን ደጅ ለማንኳኳት እጅ አያጣም። ከሥራ የደከመ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ እንዲያገለግል አይጠበቅም፤ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ነገር ግን ሳያቋርጥ መስጠቱ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ግርግር ይልቃል።

በመሆኑም የአባልነት መለኪያው በመዝገብ የሠፈረው ስም ወይም በግድግዳ የተሰቀለው የምስክር ወረቀት ሊሆን አይችልም። መለኪያው የጎረቤታችን ጣሪያ ነው። ለቀብር የምንሰባሰበውን ያህል ለኑሮም እንሰባሰብ!