የኤርፖርት ወረፋ ሻጮችና እኛ

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ሲደውሉልን ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ተቀይሯል። ድሮ «ምን ላምጣልሽ?» ነበር። አሁን «ግሎባል ኢንትሪ አወጣሽ ወይ? ክሊር አልገባሽም እንዴ?» ሆኗል። ሠርግና ክርስትና ላይ ሳይቀር ሰዉ ይኸንኑ ያወራል። ፎርም እንሞላላችኋለን ብለው ከወገን ላይ ገንዘብ የሚለቅሙም አልጠፉም።

እኛ ነጋዴዎች ነን። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አይተን ዕቃ አንረከብም፤ ከፍተን እንቆጥራለን። እነዚህንም ከፍተን እንቁጠራቸው። ቆጥረን ስንጨርስ የምንናገረው ነገር አለን፤ እሱ ግን ለዘመዶቻችን ሳይሆን ለመንግሥቶቻችን ነው።

ከውዱ እንጀምር። ክሊር የመንግሥት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የግል ኩባንያ ነው። በዓመት ወደ 200 ዶላር ያስከፍላል። ለዚህ ገንዘብ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፦ ማንነታችሁን በዓይን ወይም በፊት አረጋግጦ መታወቂያ ከሚታይበት ሰልፍ ፊት ያቆማችኋል። ከዚያ በኋላ ሻንጣችሁ እንደማንኛውም ሰው ሻንጣ በማሽን ይፈተሻል። ስትመለሱ ደግሞ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ላይ ክሊር ምንም አይጠቅማችሁም። አስሉት እንግዲህ፦ በዓመት ሁለት ጊዜ ከዋሽንግተን ዱለስ ወደ ቦሌ ለምትበር ሴት አንዱ ሰልፍ 100 ዶላር ወጣበት ማለት ነው። በየሳምንቱ ለሥራ የሚበር ሰው ይግዛው፣ ያዋጣዋል። እኛ 100 ዶላር አዲስ አበባ ላይ ስንት ቀዳዳ እንደሚደፍን እያወቅን ይህን የምንገዛው ግን ለፉክክር ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ፕሪቼክ የአሜሪካ መንግሥት የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ የቲኤስኤ፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ተጀመረ። ለአምስት ዓመት ከ85 ዶላር የማይበልጥ ክፍያ አለው፤ ዋጋው እንደ መዝጋቢው ድርጅት ትንሽ ይለያያል። ለዓመታት ሲያሻሽጠው የኖረው ትልቁ ነገር ጫማ አለማስወለቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ጫማ ማውለቅ ለሁሉም መንገደኛ ቀረ። ስለዚህ ከፍለው የገዙት ነገር ግማሹ ዛሬ በነፃ ይታደላል። የቀረው ላፕቶፕና ፈሳሽ ከቦርሳ አለማውጣት፣ ቀበቶና ስስ ጃኬት አለማውለቅ፣ ብዙ ጊዜም አጠር ያለ ሰልፍ ነው። መጥፎ አይደለም። ግን የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ ስትሳፈሩ፣ ያውም አየር መንገዱ በፕሮግራሙ ውስጥ ካለ ብቻ ነው። ቦሌ ላይ አያውቁትም።

እዚህ ላይ የእኛን ሕዝብ በተለይ የሚጎዳ ነገር አለ፤ ስም። ፕሪቼክም ሆነ ግሎባል ኢንትሪ ያለው ሰው የተሰጠውን የመንገደኛ ቁጥር ትኬት ሲቆርጥ ማስገባት አለበት፣ ትኬቱ ላይ ያለው ስምም ከተመዘገበበት ጋር መግጠም አለበት። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም መጨረሻ ይሆናል፣ ሌላው ላይ የአያት፤ ትኬት ቆራጩ የአባትን ስም ከራስ ስም ጋር ይለጥፈዋል። ከዚያ ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ፕሪቼክ የሚለው ሳይታተም ይቀርና ከፍላችሁ መደበኛው ሰልፍ ውስጥ ትቆማላችሁ። ጥፋቱን የሚነግራችሁ ሰው አይኖርም። ትኬት ስትቆርጡ ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ግሎባል ኢንትሪ የአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ነው። ከሁሉም ዋጋውን የሚያወጣው እሱ ነው፤ ይህን ለመናገር አንፈራም። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ 120 ዶላር ሆኗል፣ ድሮ 100 ነበር። ለአምስት ዓመት ነው፤ በዓመት 24 ዶላር ማለት ነው። ፕሪቼክ በውስጡ አለበት። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ወላጃቸው አባል ከሆነ ወይም አብሮ ካመለከተ አይከፍሉም። ስለዚህ ከአገር አገር የሚመላለስ ሰው ፕሪቼክን ለብቻው መግዛቱ ቅቤውን ትቶ አጓቱን እንደመግዛት ነው። ማመልከቻው ቅድሚያ ከጸደቀ ደግሞ ለቃለ መጠይቁ ቀጠሮ መጠበቅ ግድ አይደለም፤ ከውጭ ስትመለሱ እዚያው ኤርፖርት ላይ የሚያጠናቅቁበት አሠራር አለ። ማመልከቻውን በራሱ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ሙሉ፤ የመንግሥት መስለው ተጨማሪ የሚያስከፍሉ ገጾች አሉና።

ዘመዶቻችን የማይነግሩን አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያው የአሜሪካ ጉምሩክ ሞባይል ፓስፖርት ኮንትሮል የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለው። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፓስፖርቱንና ፎቶውን ስልኩ ላይ አስገብቶ በብዙ ኤርፖርቶች ለብቻው ወደተለየ ሰልፍ ይሄዳል። ዋጋው ዜሮ ነው። ከእሱ ኮሚሽን የሚያገኝ ስለሌለ ይሆናል ማስታወቂያ የማይሠራለት።

አሁን ወደ ዋናው። «ግሎባል ኢንትሪ ካለሽ ሻንጣሽን ማንም አይከፍተውም» ይሉናል። ይህ ውሸት ነው፣ ለነጋዴ ደግሞ አደገኛ ውሸት ነው። የተሸጠላችሁ እምነት ነው፤ እምነት ይነሣል። አባል የሆነ ሰውም ይፈተሻል፣ የያዘውንም ምግብ ሁሉ ዲክሌር የማድረግ ግዴታ አለበት። በርበሬና ሽሮ ብሎ ያስመዘገበ አሳይቶ ያልፋል። ቋንጣ ግን ሥጋ ነው፤ አይገባም፤ እናታችን በነጠላ ጠቅልላ ከታች ብትሸጉጠውም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አንዲት አሜሪካዊት አውሮፕላን ላይ የተሰጣትን አንድ ፖም ሳታስመዘግብ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ገብታ 500 ዶላር ተቀጥታለች፤ የግሎባል ኢንትሪ አባልነቷም ጥያቄ ውስጥ ገብቶ ነበር። ለአንድ ፖም! ከ10,000 ዶላር በላይ መያዝም ወንጀል አይደለም፣ አለማስመዝገቡ ነው ወንጀሉ፤ አብሮ የሚገባ ቤተሰብ ገንዘቡ በአንድነት ይቆጠራል። ለሽያጭ የመጣን የሀበሻ ቀሚስ «ስጦታ ነው» ማለት አንድ ቀን ይሠራ ይሆናል። ሲያዙበት ግን የሚጠፋው ቀሚሱ ብቻ አይደለም።

እስከዚህ ያወራነው ስለ አሜሪካ ወረቀት ባለቤቶች ነው። ግሎባል ኢንትሪ ለጥቂት የውጭ አገር ዜጎችም ክፍት ነው፤ የሕንድ፣ የደቡብ ኮሪያ፣ የጀርመን፣ የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ማመልከት ይችላል። ኢትዮጵያዊ አይችልም። ኬንያዊም አይችልም። ከአንድ የጎንደር ቤት የወጡ ሁለት እህትማማቾችን አስቡ፦ አንዷ እስራኤላዊት ሆናለች፣ ሌላዋ አዲስ አበባ ቀርታለች። ሁለቱም የአሜሪካ ቪዛ አላቸው እንበል። የመጀመሪያዋ 120 ዶላር ከፍላ ታማኝ ልትባል ትችላለች፤ ሁለተኛዋ ሺህ ዶላር ብትከፍልም አትባልም። ልዩነቱ ጸባያቸው አይደለም። የአንዷ መንግሥት ስለ ዜጋው ዋስትና ለመስጠት ተፈራርሟል፣ የሌላዋ አልተፈራረመም። ይህ በዶላር የሚገዛ ሳይሆን በስምምነት የሚመጣ ነገር ነው፣ ጠያቂውም መንግሥት እንጂ እኛ አይደለንም።

የአሜሪካው ይቅር፤ ሩቅ ነው። ሐሳቡ ግን፣ ማለትም ሰውን አንዴ በደንብ አጣርቶ፣ መዝግቦ፣ ከዚያ በፍጥነት ማሳለፍ፣ ለእኛ ሰፈር እንዴት አልተረፈም? ዱባይ የነዋሪነት ፈቃድ ያላት ኢትዮጵያዊት በስማርት ጌቱ ሳትከፍል ታልፋለች። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ዜጎቻቸውን በመታወቂያ ካርድ ያሻግራሉ። የኢትዮጵያም የኬንያም ጉምሩክ ታማኝ ተብለው የተመዘገቡ ድርጅቶች ዕቃቸውን በፍጥነት የሚያሳልፉበት ሥርዓት አላቸው፤ የተሠራው ግን በትልልቆቹ ልክ ነው። ሞያሌ ላይ የአንድ መስኮት የድንበር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ተመርቋል፤ ሁለቱም መሪዎች ተገኝተው ነበር። ሕንፃው ጥሩ ነው። ኮሜሳም ለአነስተኛ ነጋዴዎች ብሎ ያዘጋጀው ቀለል ያለ የንግድ ሥርዓት አለ፤ እሱ ግን የሚያውቀው ዕቃውንና ሰነዱን ነው፣ ሴትዮዋን አያውቃትም።

ሴትዮዋ ደግሞ እኛ ነን። ሁለት ጆንያ ቦሎቄ ይዘን ሄደን ፕላስቲክ ጫማ ይዘን የምንመለሰው፣ በየሳምንቱ በአንድ ኬላ፣ በአንድ ሰው ፊት፣ ለአንድ ዓይነት ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ የምንሰጠው። መቶ ጊዜ አልፈን መቶ አንደኛው ላይ እንደ አዲስ እንጠረጠራለን። አሜሪካ በአምስት ዓመት አንዴ የምታጣራውን፣ የእኛ ኬላ በየሳምንቱ ያጣራል፤ ያጣራውን ግን አይመዘግብም። ኮሜርስ የተማርን ሰዎች ይህን ኪሳራ ከየትኛው የሂሳብ መደብ እንደምናስገባው ግራ ገብቶናል፤ የትራንስፖርት ነው እንዳንል ቆመን ነው የምንውለው።

የምንጠይቀው የነጋዴ ካርድ ነው። አሻራችንን ውሰዱ፣ የግብር ከፋይ ቁጥራችንን ያዙ፣ የወንጀል ሪከርዳችንን አጣሩ፣ የሁለቱ አገር ጉምሩክ አንድ መዝገብ ላይ ያስፍረን። ያጭበረበረችውን ካርዷን ንጠቋት፣ አንከራከርም። የንግድ ምክር ቤቶቹ ከድንበር ባለሥልጣናት ጋር በሚቀመጡበት ጊዜ ይህን አጀንዳ ያስይዙልን። «ወጪውን ማን ይሸፍነዋል?» የሚል ከመጣ መልሱ ተዘጋጅቷል፦ አሜሪካዊው በዓመት የሚከፍለውን 24 ዶላር እኛም እንከፍላለን።