የቴሌቪዥን ገንዘብና የኳሱ ባለቤት

ወጣት ሆይ፤ ኳስ ጨዋታ ነው ብለህ ነገሩን አትናቀው።

በ2013 ዓ.ም. ዲኤስቲቪ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን በቀጥታ ማሳየት ጀመረ። ስለ ወረርሽኙና ስለ ካሜራው ሲባል ክለቦች በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ ተሰበሰቡ። ወረርሽኙ ሲያልፍ ልማዱ አላለፈም። አዳማም ኋላ ተራ ቢደርሳት፣ በቀረው ጊዜ የከተማው ሰው የገዛ ክለቡን የሚያየው በወር ክፍያ ነበር። ለመሆኑ አዳማ ከተማን በበጀት የሚያኖረው ማን ነው? የከተማው አስተዳደር፤ ይኸውም የባለ ሱቁና የባጃጅ ነጂው ግብር ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው!

«ገንዘቡ ክለቦችን ይረዳል» ይሉኛል። እውነት ነው፤ እኔም ገንዘቡን አልነቅፍም። የምነቅፈው ሎሌው ጌታ ሲሆን ነው። በአሜሪካ ፓክ-12 የተባለውን ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ዐሥሩ አባሎች የተሻለ የቴሌቪዥን ገንዘብ ሽተው ጥለውት ሄዱ።

ስለዚህ እላለሁ፤ ከዚያው ገንዘብ ተከፍሎ የየከተማው ሜዳ ይታደስ፤ የሞጆና የመቂ ልጅ አዳማ መጥቶ ተጫዋቹን በዓይኑ ይይ። አንተም የግብር ከፋይ ልጅ ነህና፣ ይህን ለመጠየቅ አትፈር።