ድምፅ ብቻውን በር አይከፍትም

ስለ ታላላቅ ድምፃውያን በተጻፈ ቁጥር የማይቀር አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም «እውነተኛ ተሰጥኦ ምን ጊዜም መንገዱን አያጣም» የሚለው ነው። የአሜሪካዊቷ ሶፕራኖ የሊዮንቲን ፕራይስ ስም ሲነሣም ይኸው አባባል ይከተላል። ከሚሲሲፒ ሠርቶ አደር ቤተሰብ የወጣች ጥቁር ልጅ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ላይ ነገሠች፤ እንግዲያውስ በሩ ችሎታ ላለው ሁሉ ክፍት ነበር ይባላል። አባባሉ ለጆሮ ቢጥምም ሐሰት ነው። በር ዘግቶ የኖረውን ከወቀሳ የሚያድን፣ በሩን የገፉትን ደግሞ የሚያስረሳ ሐሰት ነው።

የሕይወት ታሪኳ ራሱ ይመስክር። ፕራይስ የተወለደችው በ1927 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዘር መለያየት ሕግ በጸናበት በሚሲሲፒ፣ ሎረል በተባለች ከተማ ነው። አባቷ የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ እናቷ አዋላጅና በቤተ ክርስቲያን የምትዘምር ሴት ነበሩ። ወላጆቿ ከጠባብ ገቢያቸው ቀንሰው ፒያኖ አስተማሯት። ኦሃዮ ውስጥ ኮሌጅ የገባችውም የሙዚቃ መምህርት ለመሆን ነበር። በ1948 ወደ ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ስታመራ ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘች፤ ታላቁ ድምፃዊ ፖል ሮብሰን ለእርሷ መርጃ የሙዚቃ ዝግጅት አቀረበ፤ አክስቷ በቤት ሠራተኝነት ታገለግለው የነበረ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብም ረዳት። በጁሊያርድ ድምፅዋን የገራችው መምህርቷ ፍሎረንስ ፔጅ ኪምቦል ናት። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ የተፈጥሮ ስጦታ ብቻውን የሠራው የትኛውን ነው?

ተሰጥኦ መንገዱን አያጣም ለሚሉ ሁሉ የሲሲሬታ ጆንስ ዕጣ በቂ መልስ ነው። ይህች ጥቁር ሶፕራኖ በ1892 በካርኔጊ አዳራሽ ዘፍናለች፤ በዋይት ሀውስም በፕሬዚዳንቶች ፊት ቀርባለች። የአገሯ ታላላቅ ኦፔራ ቤቶች ግን መድረካቸውን ነፈጓት፤ በ1933 በድህነት ሞተች። ድምፅ አላነሳትም፤ ያነሳት በር ነው።

ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ከተከፈተበት ከ1883 ጀምሮ 71 ዓመት ሙሉ ለአንድም ጥቁር ድምፃዊ የብቸኛ ዘፋኝነት ሚና አልሰጠም። ይህ የተሰበረው በጥር 1955 ማሪያን አንደርሰን በመድረኩ ላይ ስትቆም ነው። አንደርሰን ያን ጊዜ 57 ዓመቷ ነበር፤ የድምፅዋ አፍላ ዘመን አልፏል። ፕራይስ ይህችን ታላቅ ሴት የሰማቻት በ1936 በጃክሰን ከተማ፣ የ9 ዓመት ልጅ ሳለች ነበር። በዚያው በጥር 1955 ፕራይስ በቴሌቪዥን በቀረበው «ቶስካ» ዋናዋን ሚና ስትጫወት ግን አንዳንድ የደቡብ ጣቢያዎች ዝግጅቱን አናስተላልፍም አሉ። ጣቢያዎቹ የተጠየፉት የፊቷን ቀለም እንጂ ዜማዋን አልነበረም።

የነገሩ ምፀት ደግሞ በ«አይዳ» ጎልቶ ይታያል። የዚህ የቬርዲ ኦፔራ ባለታሪክ በግብፅ ምድር የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ኦፔራው በ1871 በካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በኬዲቭ እስማኤል ጥያቄ ነበር። በመድረክ ላይ የተሸነፈች ኢትዮጵያን ያስደረሰው ይኸው ገዥ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራ ጦሩ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል ተመታበት። ለረጅም ዘመን በምዕራቡ ዓለም መድረኮች የኢትዮጵያዊቷን ልዕልት ሚና የያዙት ፊታቸውን ያጠቆሩ ነጭ ድምፃውያት ነበሩ። ቀለሙ በቅባት ሲመጣ መድረኩ ይቀበለዋል፤ ከሰው ጋር ተወልዶ ሲመጣ ግን በሩ ይዘጋበታል።

ፕራይስ አይዳን በ1957 በሳን ፍራንሲስኮ፣ በ1958 በቪየና፣ በ1960 በሚላኖው ላ ስካላ ዘፈነች። ሜትሮፖሊታን በዚሁ ሚና እንድትጀምር አስቀድሞ ሲጋብዛት ግን አልተቀበለችም፤ በዚያ ቤት መጀመሪያ የምትታየው በባሪያ ልብስ መሆን የለበትም የሚለውን የወዳጅ ምክር ሰምታ ጠበቀች። በጥር 27 ቀን 1961 በ«ኢል ትሮቫቶሬ» የመኳንንት ወገን የሆነችውን ሌኦኖራን ሆና ገባች። ጭብጨባው 42 ደቂቃ ያህል እንደ ቆየ ይነገራል።

ያን ጭብጨባ የቤቱ ፍትሐዊነት ማስረጃ አድርገው የሚጠቅሱ አሉ። የ42 ደቂቃ ጭብጨባ የ71 ዓመት ዝምታን ይካሳልን? እርግጥ፣ አንደርሰንንም ሆነ ፕራይስን የጠራው የሥራ አስኪያጁ የሩዶልፍ ቢንግ ድርሻ አይካድም። ይሁን እንጂ ዘመኑ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በትምህርት ቤቶች የዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ያለበት፣ የሞንትጎመሪ ጥቁሮችም ከታኅሣሥ 1955 ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው የተጓዙበት ዘመን ነበር። መድረክ ከአደባባዩ ተነጥሎ አይኖርም።

ይህን ማለት የፕራይስን ችሎታ ማሳነስ አይደለም። እንዲያውም ድካሟን «ስጦታ» ብሎ የሚያልፈው ነው የሚያሳንሳት። በጥር 3 ቀን 1985 ሜትሮፖሊታንን በኦፔራ ስትሰናበት ልዕልት አይዳን ሆና ነበር። በሌኦኖራ ገብታ በአይዳ ወጣች፤ ያን ጊዜ የባሪያው ልብስ ሌሎች ያለበሷት ሳይሆን ራሷ የመረጠችው ነበር።

የእርሷን ታሪክ ለተማሪዎቹ የሚያስተምር መምህር፣ በመድረክም የሚዘክራት ከያኒ፣ የሲሲሬታ ጆንስን ስም አብሮ ሊያነሣ ይገባል። የአንዷ ድል የሌላዋን ግፍ ከሸፈነ ውዳሴው ለድምፃዊቷ መሆኑ ቀርቶ ለዘበኛው ይሆናልና።