ላልተተከለ ቲማቲም የተጠየቀ ካሣ

በአሜሪካ አገር ጓሮውን ቈፍሮ ቲማቲም ተክሎ ያልቀናው የከተማ ሰው፣ ፍሬውን ትል በልቶት ቅጠሉም ጠውልጎ ባየ ጊዜ፣ «እንግዲህ ለእርሻ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ልጽፍ ነው፤ ዘንድሮ ሃምሳ እግር ቲማቲም ስላላመረትሁ ካሣ ይገባኛል፤ በሚመጣውም ዓመት መቶ እግር ላለማምረት ዝግጁ ነኝ» እያለ ይቀልዳል። ሰሚውም ይሥቃል። ዳሩ ግን ቅኔ መስማት የለመደ ሰው በሰሙ ሥቆ አይነሣም፤ ወርቁን ይፈልጋል። የዚህ ቀልድ ሰሙ የደረቀ ቲማቲም ነው፤ ወርቁ ግን ሕግ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1933 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የእህልና የጥጥ ዋጋ እጅግ ወድቆ፣ ገበሬው የሸጠው ምርት ወጪውን እንኳ አልመልስ ብሎት፣ ርስቱ በዕዳ ይሸጥበት ነበር። ስለዚህ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት፣ ምርት ያነሰ እንደ ሆነ ዋጋ ይነሣል ብሎ፣ እርሻውን ለሚቀንስ ገበሬ ገንዘብ እንዲከፈለው በሕግ ወሰነ። ሕጉ በወጣ ጊዜ ጥጡ አስቀድሞ በቅሎ ነበርና፣ 10 ሚሊዮን ኤክር ያህል፣ ይኸውም በኢትዮጵያ ልክ 100,000 ጋሻ የሚሆን ጥጥ በማረሻ ተገለበጠ። 6 ሚሊዮን ያህል አሳማም ታረደ። ይህ ሁሉ የሆነው ሥራ ያጣ ሕዝብ ዳቦ ለመቀበል ተሰልፎ በሚቆምበት ዘመን ነው። ቀልደኛው ከዚህ ቢነሣ ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን ቀልዱ አንድ ነገር ይስታል። ጓሮው የደረቀበት ሰው ገበያ ሄዶ ቲማቲም ይገዛል፤ ማሳው የደረቀበት ገበሬ ግን የሚበላውን አጥቶ የሚያርስበትንም ይነጠቃል። በ2018 አሜሪካ ከቻይና ጋር የንግድ ጠብ በገጠመች ጊዜ፣ አኩሪ አተር ዘርቶ ዋጋው የወደቀበት ገበሬ ጠቡን አላስነሣውም። የእጁን ድካም ድርቅ፣ በረዶ ወይም የመንግሥታት ጠብ ላጠፋበት ሰው ካሣ መስጠት አገር ራሷን የምትመግብበት መላ ነው። ስለዚህ አራሹን ሁሉ በአንድ ስም ሰነፍ ብሎ መሣቅ ግፍ ነው። የሚነቀፈው ገንዘቡ ላብን ትቶ የርስት መዝገብ የተከተለ እንደ ሆነ ነው።

ለዚህም ምስክር አለ። በ1933ቱ ሕግ በደቡቡ ክፍል የጥጡ ገንዘብ የሚሰጠው በባለርስቱ እጅ ነበር። ለእኩል አራሹ ድርሻውን ያካፍል የተባለ ቢሆንም፣ ብዙዎች ባለርስቶች ለራሳቸው አስቀሩት፤ እርሻውም ስለ ተቀነሰ ጭሰኛውን ከነቤተ ሰቡ አስወጡት። ከዚህ የተነሣ በ1934 በአርካንሳስ ነጩና ጥቍሩ ጭሰኛ አንድ ሆኖ ማኅበር አቆመ። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» የተባለው ተረት በዚያ አገር ተገለበጠ፤ ገንዘቡ ላልሠራው፣ እሾሁ ለሠሪው ሆነ።

ከ60 ዓመት በኋላም ከዚህ ትምህርት የወሰደ አልተገኘም። በ1996 የወጣው ሕግ ክፍያውን ቀድሞ ይታረስ በነበረው መሬት ልክ ቈረጠው፤ ባለቤቱ ቢዘራም ባይዘራም ገንዘቡ ይመጣለት ነበር። በቴክሳስ በሒውስተን ከተማ አጠገብ የሩዝ እርሻ ተሸንሽኖ የመኖሪያ ቤት ተሠራበት፤ በዚያ የሰፈሩ የከተማ ሰዎችም ስለ ግቢያቸው ሣር የሩዝ ገንዘብ ይቀበሉ እንደ ነበረ ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ በ2006 ገለጠ። ከ2000 ወዲህ ለማያርሱ ሰዎች የተከፈለውንም ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር አላነሰም አለ። በ2007 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት፣ ከ1999 እስከ 2005 በሞቱ ሰዎች ስም 1.1 ቢሊዮን ዶላር መከፈሉን አስታወቀ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን፣ በዚያው ክፍያ በሚያስገኝ መሬት ላይ ለገበያ ቲማቲም የተከለ ሰው ክፍያው ሊቀርበት ይችል ነበር፤ ሣር ያበቀለውን ግን የሚነካው አልነበረም። እንግዲህ ባለጓሮው በቀልድ ያሰበውን ማመልከቻ ሕጉ ቀድሞ በእውነት ጽፎት ኖሯል።

ያ ክፍያ በ2014 ተሽሯል። ሆኖም በምትኩ የቆመው ካሣ ዛሬም በአብዛኛው የሚሰላው ዘንድሮ በተዘራው መጠን ሳይሆን በዱሮው መዝገብ ልክ ነው። ስለዚህ ባለጓሮው መሣቁን አይተው፤ ነገር ግን ሣቁን ከአራሹ ላይ አንሥቶ በመዝገቡ ላይ ያድርገው። የካሣ ሕግ የሚያወጣም መንግሥት ሁሉ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ማን አረሰ? ምን ጠፋበት? ያጠፋበትስ ምንድር ነው? ይህን ሳይጠይቅ የሚከፍል መንግሥት የገበሬውን ስም ለባለጸጋ አዋሰ እንጂ ለገበሬው አልደረሰለትም።