ድንጋዩ ከማን ሰማ?



ሐዲስ የቀራን ልጆች አንድ ጥያቄ አብሮን አድጓል፤ «ከማን ሰማኸው?» የሚል። ግቢ ከገባን ወዲህ ግን ጥያቄውን የረሳነው ይመስላል። ዳይኖሰሮች ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፉ ሲባል ግማሾቻችን ለፈተና እንሸመድደዋለን፣ ግማሾቻችን እንስቅበታለን። እንዴት ታወቀ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

መልሱ በከፊል ያለው ማግኔት ውስጥ ነው። ላቫ ሲቀዘቅዝና ሙቀቱ ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ፣ በውስጡ ያሉት የማግኔታይት ቅንጣቶች በዚያን ሰዓት የነበረውን የምድር መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። በባሕር ወለል የሚጠራቀም ደለልም በደካማው ቢሆን ይይዛል። መስኩ ደግሞ በየዘመኑ ይገለበጣል፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከተገለበጠ 780 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ድንጋይም ግን ዝም ብሎ አይታመንም። በኋላ ዘመን ሞቆ ወይም መብረቅ መትቶት ሌላ ማግኔት ደርቦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ናሙናውን ከመስክ በተከለለ ምድጃ ደረጃ በደረጃ እያሞቁ የተደረበውን ያራግፉለታል። የሚቀረው አቅጣጫ ካልጸና ምስክርነቱ ውድቅ ነው። ራዊ ሲመረመር ላየን ሰዎች ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዋልተር አልቫሬዝና ዊሊያም ላውሪ ጣሊያን ውስጥ ጉቢዮ ከተባለች ከተማ አጠገብ ከኖራ ድንጋይ ናሙና ይወስዱ ነበር። የፈለጉት የጣሊያን ምድር ምን ያህል እንደዞረ ማወቅ ነበር። ለዚያ ብዙም አልጠቀማቸውም፤ ይሁንና ድንጋዩ የመስኩን መገላበጥ በቅደም ተከተል መዝግቦ አገኙት። አንድ ንብርብር ለብቻው «ቀጥ» ወይም «ግልብጥ» ከማለት በቀር ምንም አይናገርም። ዘመን የሚያሳውቀው የረጃጅሙና የአጫጭሩ ተርታ ነው፤ ተርታውም በውቅያኖስ ወለል ላይ ከተለካው ጋር ገጠመ። አብዛኞቹ የባሕር ጥቃቅን ፍጥረታት የጠፉበት ወሰን፣ 1 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነች የሸክላ ስስ ንብርብር፣ «29 አር» በሚባለው ግልብጥ ዘመን ውስጥ ወደቀች።

ሸክላዋ ለመጠራቀም ስንት ዓመት ፈጀባት? አልቫሬዝ ይህን ለማወቅ ከአባቱ ከፊዚክስ ሊቁ ሉዊስ፣ ከፍራንክ አሳሮና ከሄለን ሚሼል ጋር ኢሪዲየም ለካ። ከጠፈር በዝግታ የሚዘንበው አቧራ እንደ ሰዓት ያገለግለናል ብለው ነበር። የጠበቁት ጥቂት ነበር፤ ያገኙት ግን ከመደበኛው 30 እጥፍ ያህል። ቁጥሩን አላስተካከሉትም። እ.ኤ.አ. በ1980 አስትሮይድ ወድቋል ብለው አሳተሙ፤ በሜክሲኮ ቺክሱሉብ የተቀበረው ግዙፍ ጉድጓድ የዚሁ መሆኑ ከዓመታት በኋላ ታወቀ።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። የሕንድ ዴካን ላቫም አብዛኛው በዚያው በ29 አር ውስጥ ነው የፈሰሰው። ማግኔቱ ሁለቱንም ተጠርጣሪዎች አንድ ዘመን ላይ አቆማቸው እንጂ አልፈረደባቸውም፤ 29 አር ራሱ ብዙ መቶ ሺህ ዓመት ነውና። (በነገራችን ላይ በሊማሊሞ ገደል የሚታየው ጥቁር ድንጋይ የዴካን ዓይነት ላቫ ነው፤ ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን ማግኔቱም ተለክቷል። በአውቶቡስ ስናልፈው ተኝተን ነበር።)

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ባለፈው ሴሚስተር የምድርን መስክ በኮምፓስና በጥቅል ሽቦ የምንለካበት ላብ ነበረን። ንባባችን መጽሐፉ ከሚለው በጣም ራቀ። ከሲኒየሮች የወረስነውን ሪፖርት አወጣን፣ ቁጥሮቹን ነካ ነካ አድርገን ገለበጥን፣ ሙሉ ማርክ አገኘን። ከመሐላችን ጀመዓ የማያመልጠው ሁሉ እጁ አለበት። ሐዲስ ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን፤ ላብ ሲሆን ግን «መረዳዳት» እንለዋለን። ይህን ስም ይዘን መቀጠል የለብንም።

በኋላ ስናየው የጠረጴዛው እግር ብረት ነበር። ኮምፓሱ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ያየውን ነው የነገረን። እኛ ግን ያንን ሰርዘን ሌላ ጻፍን።

ለመምህራችን ነግረን በእንጨት ጠረጴዛ ላይ እንድንደግመው ፈቅደውልናል፤ ማርኩን ግን ይቀንሱታል። የእኛን ሪፖርት ከቴሌግራም ግሩፑ ላይ አጥፍተነዋል። የሌሎቻችሁ ገና እዚያው አለ።