ለልማት ጣቢያ የሚበጀው ካሜራ የትኛው ነው?

የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. በአገራችን ከታየ ወዲህ፣ በበቆሎ ላይ የተገኘን ትል ምንነት በጊዜ መለየት የልማት ሠራተኛው ዐቢይ ተግባር ሆኗል። ትሉ የሚታወቀው በግንባሩ ላይ ባለው የተገለበጠ «ዋይ» መሰል ነጣ ያለ መስመርና ከጅራቱ አጠገብ በካሬ ቅርጽ በተደረደሩ 4 ጥቁር ነጥቦች ነው። ወደ በቆሎው እምብርት ዘልቆ ከገባ በኋላ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ስለዚህ ምልክቶቹን አጉልቶ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በወቅቱ ለባለሙያ መድረስ አለበት።

ለዚህ ሥራ ካሜራ ሲገዛ ትልቁና ውዱ ይመረጥ የሚል አስተሳሰብ አለ። በእርግጥ ሌንሱ የሚቀያየረው ካሜራ በጥራት፣ በተለይም ብርሃን ባነሰበት ቦታ፣ ይበልጣል። ነገር ግን ትንሽ ነፍሳትን አቅርቦ ለማንሳት ለብቻው የሚገዛ ሌንስ ይፈልጋል፤ ሌንሱ ማሳ ላይ ሲቀየርም አቧራ ይገባበታል።

በአንጻሩ እንደ ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ያለው ጠንካራ የኪስ ካሜራ ክዳኑ በሚገባ እስከተዘጋ ድረስ ውሃ አያስገባም፤ ከ2.1 ሜትር ቢወድቅ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ትሉን እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ቀርቦ ያነሳል።

በእኛ አስተያየት፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በክረምት ጭቃ በእግሩ ለሚዞር ሠራተኛ የሚበጀው ይኸው ነው። ትልቁ ካሜራ ለምርምር ማዕከል ይሁን። ማኅበሩ አቅም ካነሰው በእጅ ስልክ ይጀምር። በማናቸውም ቢሆን የትሉ ራስ፣ ጅራቱና የተበላው ተክል ለየብቻ ይነሡ፤ ቀኑና ቀበሌውም ይመዝገቡ።