ውሻን መሣል ነውር ነውን?

የሥዕል ነገር ሲነሣ ከእኛ ከተማሪዎች እርሳስ የሚወጣው አንበሳ ወይም ፈረስ ነው። ውሻ የሣለ ይሳቅበታል፤ ስሙ ስድብ ሆኗልና። የቀድሞ ሰዓሊዎቻችን ግን ይህ ኩራት አልነበረባቸውም። በተአምረ ማርያም እመቤታችን ለተጠማው ውሻ በጫማዋ ውኃ ስታጠጣ ሥለዋል። እዚያ ውሻው ጌጥ አይደለም፤ ተአምሩ የተደረገው ለእርሱ ነው። ጀርመናዊው አልብረኽት ዱረርም እ.ኤ.አ. በ1513 በመዳብ በቀረጸው የፈረሰኛ ሥዕል ከፈረሱ እግር ሥር ውሻ አስሩጧል።

አንበሳን የምንሥለው ከሳንቲምና ከሐውልት ገልብጠን ነው። ውሻ ግን ከነነፍሱ ደጃችን ላይ አለ፤ ስለዚህ ለእርሳስ ከእርሱ የሚሻል አስተማሪ የለም ባይ ነኝ። የጉና እረኛ ውሻ በብርድ ሲተኛ ተጠቅልሎ አፍንጫውን ጅራቱ ሥር ይወሽቃል። ያን ክብ በአንድ መሥመር ለማውጣት እስቲ ሞክሩት! ጠጕሩንም አንድ በአንድ መቍጠር ሳይሆን በአንገትና በትከሻው ላይ የሚተኛበትን አቅጣጫ መከተል ነው። ከነቃማ ሌላ ወረቀት ማውጣት ነው።

በተራሮቻችን አናት የውሻ ዘመድ የሆነው ቀይ ቀበሮ እጅግ ተመናምኗል። እርሱ ደግሞ ቀርቦ አይተኛልንም፤ በሩቁ ታይቶ ይሰወራል። በደጁ ውሻ ያልሠለጠነ እጅ ያችን አፍታ በምን ይይዛታል?